የአረጋውያን ሆድ ያለ ጥፋቱ ሲወቀስ

በብዙ ቤት አባትና እናት ዕድሜያቸው ሰባን ሲሻገር ማዕዳቸው ይለወጣል። ሥጋው ለወጣቶቹ ይተውና ለእነሱ መረቁ ይቀርባል። እንቁላሉ «ይከብዳቸዋል» ተብሎ ይቀራል፤ ምስሩ «ይነፋቸዋል» ይባላል። በምትኩ አጥሚት፣ ገንፎ፣ ሻይ በዳቦ ይመጣል። ይህን የሚያደርጉ ልጆች በፍቅር ነው የሚያደርጉት፤ አረጋውያኑም ራሳቸው «ሆዴ አልችል አለኝ» ይላሉ። ከሁሉም ጀርባ ያለው እምነት አንድ ነው፦ ሰው ሲያረጅ ጨጓራውና አንጀቱም አብረውት ያረጃሉ፣ ስለዚህ ጠንካራ ምግብ፣ በተለይ ሥጋና ጥራጥሬ፣ መፍጨት ያቅታቸዋል።

እምነቱ በከፊል ብቻ ነው እውነት የሚሆነው። ጤነኛ የአረጋዊ አንጀት ፕሮቲንን ከወጣት አንጀት በማይተናነስ ሁኔታ ይፈጫል፤ ላለፉት ሠላሳ ዓመታት የተደረጉት ጥናቶች የሚያመለክቱት ይህንኑ ነው። ችግሩ ያለው ከአንጀት በፊትና ከአንጀት በኋላ ነው። በፊት ስል ጥርስ፣ የምግብ ፍላጎት፣ የጨጓራ ሕመምና የሚወሰደው መድኃኒት ማለቴ ነው፤ በኋላ ስል ደግሞ ምግቡ ከተፈጨ በኋላ ጉበትና ጡንቻ የሚያደርጉት። ጥፋቱ የአንጀት ነው ብለን ካመንን መፍትሔው ፕሮቲኑን መቀነስ ይሆናል። ጥፋቱ ሌላ ቦታ ከሆነ ግን መቀነሱ ራሱ ጉዳት ነው፤ የብዙ አረጋውያን ጉልበት በዚህ መንገድ እንደሚያልቅ አምናለሁ።

ፕሮቲን 20 ዓይነት አሚኖ አሲዶች እየተያያዙ የሚሠሩት ረጅም ክር ነው። በሥጋ፣ በእንቁላል ወይም በምስር ውስጥ ክሩ እንደ ልቃቂት ተጠቅልሎ፣ እጥፍ ድርብ ሆኖ ነው የሚገኘው። ልቃቂቱ እንዳለ የአንጀትን ግድግዳ አያልፍም። ለማለፍ ተተርትሮ፣ ተቆራርጦ፣ አንድ አንድ ወይም ቢበዛ ሁለት ሁለትና ሦስት ሦስት አሚኖ አሲድ መሆን አለበት።

ሥራው በየደረጃው የተከፋፈለ ነው። ጥርስ ፕሮቲኑን ራሱን አይለውጠውም፤ ምግቡን አድቅቆ ኢንዛይም የሚደርስበትን ቦታ ያሰፋል። ጨጓራ ውስጥ አሲዱ ልቃቂቱን ይተረትራል፤ ጀርመናዊው ቴዎዶር ሽዋን እ.ኤ.አ. በ1836 ያገኘው ፔፕሲን የተባለው ኢንዛይም ደግሞ የመጀመሪያዎቹን ቁራጮች ይቆርጣል። ፔፕሲን አሲድ በሌለበት አይሠራም። ከዚያ ምግቡ ወደ ትንሹ አንጀት ሲወርድ ቆሽት ትሪፕሲንንና ጓደኞቹን ይለቃል፤ ዋናው የመቆራረጥ ሥራ የሚካሄደው እዚህ ነው። የመጨረሻውን ቁርጥ የአንጀቱ ግድግዳ ራሱ ይጨርሰውና አሚኖ አሲዶቹ ወደ ጉበት በሚወስደው የደም ሥር ይገባሉ። ጉበት የድርሻውን ወስዶ የቀረውን ለመላ ሰውነት፣ በተለይ ለጡንቻ፣ ይለቃል። እንግዲህ ዕድሜ በእያንዳንዱ ደረጃ ላይ ምን ያደርጋል?

ብዙ ጊዜ የሚጠረጠረው አሲዱ ነው። «ሰው ሲያረጅ ጨጓራው አሲድ ማመንጨት ያቆማል» የሚለው አስተሳሰብ በሐኪሞች ዘንድ ሳይቀር ለረጅም ዘመን ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ1997 ጃማ በተባለው የአሜሪካ የሕክምና መጽሔት የወጣ ጥናት ግን 248 አረጋውያንን ምግብ ሳይቀምሱ የጨጓራቸውን አሲድ ሲለካ ከአሥሩ ዘጠኝ ያህሉ በቂ አሲድ እንዳላቸው አገኘ። አሲድ ያጡት ጥቂቶች ናቸው፤ እነሱም ያጡት በዕድሜያቸው ቁጥር ምክንያት ሳይሆን በአብዛኛው የጨጓራቸው ግድግዳ ለዓመታት ተቆጥቶ፣ አሲድ የሚያመነጩት ሕዋሳት ስለሳሱ ነው።

ለዚያ ቁጣ ትልቁ ምክንያት ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ ነው፤ አውስትራሊያውያኑ ባሪ ማርሻልና ሮቢን ዋረን እ.ኤ.አ. በ1982 ያገኙትና በ2005 የኖቤል ሽልማት ያስገኘላቸው ባክቴሪያ። በኢትዮጵያ የተደረጉ ጥናቶች ተደምረው ሲታዩ ከሁለት ሰው አንዱ ገደማ ይህ ባክቴሪያ እንዳለበት ያሳያሉ። ሰው ብዙውን ጊዜ የሚያዘው በልጅነቱ ነው፤ ሕክምና ካላገኘ ሃምሳና ስድሳ ዓመት ሙሉ አብሮት ይኖራል። ስለዚህ በእኛ አገር አንድ የሰባ ዓመት ሰው «ጨጓራዬ አልሠራ አለኝ» ሲል የሚናገረው ስለ እርጅና ሳይሆን ከልጅነት ስለቆየ ሕመም ሊሆን ይችላል። ሕመሙ ይመረመራል፣ ይታከማል። «ዕድሜ ነው» ተብሎ ሲታለፍ ግን ማንም አይመረምረውም።

አሲድ ሲጠፋ ምን እንደሚጎድል በደንብ የሚያሳየው ቫይታሚን ቢ12 ነው። በሥጋና በእንቁላል ውስጥ ያለው ቢ12 ከፕሮቲን ጋር ተጣብቆ ነው የሚመጣው፤ የሚያላቅቁት አሲዱና ፔፕሲኑ ናቸው። ጨጓራቸው የሳሳ ሰዎች ሥጋ እየበሉም ቢ12 ያጥራቸዋል፤ ያው ቫይታሚን በእንክብል ብቻውን ሲሰጣቸው ግን ብዙዎቹ በደንብ ይወስዱታል። የእጅና የእግር መደንዘዝ፣ ድካም፣ የመርሳት ነገር አንዳንዴ ከዚህ ይመጣል። እዚህ ላይ ጨጓራ በእርግጥ ሥራውን አጓድሏል።

ከሕመሙ ሌላ መድኃኒቱ አለ። የጨጓራ አሲድን የሚቀንሰው ኦሜፕራዞል በብዙ አረጋውያን የመድኃኒት ከረጢት ውስጥ ይገኛል፤ ለሁለት ወር ታዝዞ ለዓመታት ሲዋጥ ይታያል። በቤልጂየም በልዩቨን የተሠራና እ.ኤ.አ. በ1998 የታተመ ጥናት ጤነኛ ሰዎች ኦሜፕራዞል ሲወስዱ ከፕሮቲኑ የሚፈጨው እንደሚቀንስና ሳይፈጭ ወደ ትልቁ አንጀት የሚወርደው እንደሚጨምር አሳይቷል። ወደዚያ የወረደውን ባክቴሪያዎች ያብላሉታል፤ አሞንያና መጥፎ ሽታ ያለው ጋዝ ይወጣዋል። መድኃኒቱ ጠቃሚ ነው፣ ቁስል ያለበት ሰው በራሱ ውሳኔ ማቆም የለበትም። ሆኖም ሐኪምን «ይህን እስከ መቼ ነው የምወስደው?» ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው፤ ጥያቄውን ለወላጆቻቸው ልጆች ሊጠይቁላቸው ይገባል።

ጨጓራ ቢደክምም እንኳ ነገሩ እዚያ አያልቅም። ጨጓራቸው በቀዶ ሕክምና ሙሉ በሙሉ የወጣላቸው ሰዎች ፕሮቲን እየፈጩ ይኖራሉ፤ ቆሽት ስላለ። ቆሽት ደግሞ ከሚያስፈልገው በላይ የማምረት አቅም ያለው አካል ነው። አሜሪካዊው ዩጂን ዲማኞና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1973 ባወጡት ጥናት፣ የቆሽት ኢንዛይም ከጤነኛው መጠን ወደ አሥር በመቶ ወይም ከዚያ በታች እስኪወርድ ድረስ ስቡም ሆነ ፕሮቲኑ ሳይፈጭ በሰገራ በብዛት እንደማይወጣ አሳይተዋል። በእርጅና ቆሽት ትንሽ ይሟሽሻል፣ የሚያመነጨውም በመጠኑ ይቀንሳል፤ ጤነኛ ከሆነ ግን እስከዚያ ድረስ አይወርድም። የትንሹ አንጀት ግድግዳም ቢሆን በዕድሜ ብቻ የመምጠጥ አቅሙን እምብዛም አያጣም።

ይህን በቀጥታ የለኩ አሉ። በኔዘርላንድስ በማስትሪክት ዩኒቨርሲቲ በሉክ ቫን ሎን የሚመራው ቡድን እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተመው ሥራ ሃያዎቹ ውስጥ ላሉ ወጣቶችና በአማካይ 64 ዓመት ለሆናቸው ወንዶች 35 ግራም የወተት ፕሮቲን ሰጠ። የአፈጫጨቱና ወደ ደም የመግባቱ ፍጥነት በሁለቱ መካከል ልዩነት አልታየበትም።

ታዲያ «ሲከብዳቸው» የምናየው ምንድን ነው? ብዙውን ጊዜ የሚከብደው ፕሮቲኑ አይደለም። ጥራጥሬ ሆድ የሚነፋው ራፊኖዝና ስታኪዮዝ በሚባሉ የስኳር ዓይነቶች ነው፤ የሰው አንጀት እነሱን የሚቆርጥ ኢንዛይም በየትኛውም ዕድሜ የለውም፣ ትልቁ አንጀት ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ናቸው የሚያብላሏቸው። ባቄላውን ወይም ሽምብራውን አሳድሮ ነክሮ ውኃውን መድፋት መጠናቸውን ይቀንሰዋል። ወተት የሚያጮኸው ላክቶዝ በተባለው ስኳሩ ነው፤ ያው ሰው እርጎና አይብ ሲበላ ብዙ ጊዜ አይታመምም። የዶሮ ወጡ ክብደት ደግሞ ከሥጋው ይልቅ ከቅቤው ነው፤ ስብ ጨጓራ ቶሎ እንዳይጎድል ያዘገያል፣ የአረጋውያን ጨጓራ ደግሞ ሳይታከልበትም ትንሽ ዘግየት ይላል። እንግዲህ ስኳሩና ቅቤው ባመጡት ጣጣ ምስሩ፣ ወተቱና ሥጋው ከማዕድ ይነሳሉ።

በጥርስ ጉዳይ ላይ ረዘም ላለ ጊዜ መቆየት እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም በቤት ውስጥ በቀላሉ ሊስተካከል የሚችለው እሱ ነው።

ምግቡ መድቀቁ የሚያመጣውን ልዩነት ለማየት ሥጋ ውስጥ ያለውን ፕሮቲን እስከ ደም ድረስ መከታተል ያስፈልጋል፤ ይህ ግን ቀላል አይደለም። ሰውነት ውስጥ ቀድሞውኑ አሚኖ አሲድ ሞልቷል፤ ከሥጋው የመጣው የትኛው እንደሆነ በምን ይለያል? የማስትሪክት ተመራማሪዎች እንዲህ አደረጉ። ለአንዲት ላም ምልክት ያለበት፣ ማለትም ከተለመደው ከበድ ያለ ካርቦን የያዘ አሚኖ አሲድ በደም ሥሯ ሰጧት። አሚኖ አሲዱ በጡንቻዋ ውስጥ ተሠርቶ ሥጋ ሆነ። ላሟ ታርዳ ሥጋዋ ሲበላ ምልክቱ አብሮ ይሄዳል፤ በበላተኛው ደም ውስጥ ያ ከባድ ካርቦን ሲታይ «ይህ ከዚያች ላም የመጣ ነው» ማለት ይቻላል። በዚህ ዘዴ በአማካይ 74 ዓመት የሆናቸው አሥር ወንዶች በተለያየ ቀን 135 ግራም የተፈጨ ሥጋና 135 ግራም ያልተፈጨ የሥጋ ቁራጭ በሉ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2013 ታተመ። በስድስት ሰዓት ውስጥ ከተፈጨው ሥጋ አሚኖ አሲድ 61 በመቶው ደም ውስጥ ሲታይ፣ ከቁራጩ የታየው 49 በመቶ ነበር። ሰዎቹ ያው ናቸው፣ አንጀታቸው ያው ነው፣ ሥጋውም የአንዲት ላም ነው። የተለየው ቢላዋው ብቻ ነበር።

ፈረንሳይ ውስጥ ዲዲዬ ሬሞንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2007 ያሳዩት ደግሞ የዚህን ሌላ ገጽታ ነው። ጤነኛ ጥርስ ያላቸውንና ሙሉ ሰው ሠራሽ ጥርስ የሚጠቀሙትን አረጋውያን አወዳድረው፣ ሰው ሠራሽ ጥርስ ያላቸው ሥጋውን በደንብ ስለማያኝኩት አሚኖ አሲዱ ዘግይቶና በዝቅተኛ መጠን ደማቸው ውስጥ እንደገባ፣ ሰውነታቸውም ከእሱ ያነሰ ፕሮቲን እንደሠራ አገኙ። እንግዲህ የጥርስ ሐኪም ዘንድ መሄድ ከሚበላው ምግብ መጠን ጋር እኩል የሚታይ ነገር ነው ማለት ነው።

የእኛ ወጥ ቤት ለዚህ ዝግጁ ነው። ምንቸት አብሽ የተከተፈ ሥጋ ነው፤ ክትፎም እንዲሁ። ክትፎ ላይ ግን ማስጠንቀቂያ አለኝ። እዚያው ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ ሥራ 55 ዲግሪ ላይ ለአምስት ደቂቃ ለብ ያለ ሥጋና 90 ዲግሪ ላይ ለ30 ደቂቃ የበሰለ ሥጋ ለአረጋውያን አቅርቦ ነበር፤ በደንብ ከበሰለው የተገኘው አሚኖ አሲድ ከለብ ለብ ከተገኘው በለጠ። ሙቀት ልቃቂቱን አስቀድሞ ስለሚተረትር ለኢንዛይሙ ሥራ ያቃልላል። በዚህ ላይ ጥሬ ሥጋ ኮሶ ያመጣል፤ አሲዱ የሳሳ ወይም በኦሜፕራዞል የተቀነሰ ጨጓራ ደግሞ ከምግብ ጋር የሚገቡ ተውሳኮችን የመግደል ኃይሉ ይዳከማል። ለአያቶች ሥጋው ይከተፍ፣ ግን ይብሰል። በግል አስተያየቴ ለእነሱ በደንብ የበሰለ ምንቸት አብሽ ከክትፎም ከቁርጥም ይበልጣል።

አሁን ከአንጀት በኋላ ወዳለው እንምጣ፤ እርጅና ራሱ እጁን የሚያሳየው እዚህ ነው።

ፈረንሳዊው ኢቭ ቧሪ እ.ኤ.አ. በ1997 ባሳተመው ጥናት ሉሲን የተባለው አሚኖ አሲድ ከምግብ ተነስቶ ወደ መላ ሰውነት ከመሠራጨቱ በፊት አንጀትና ጉበት ምን ያህሉን እንደሚያስቀሩት ለካ። በወጣቶቹ 23 በመቶ ሲሆን በአረጋውያኑ 50 በመቶ ሆነ። የቀረው ባከነ ማለት አይደለም፤ አንጀትም ጉበትም ለራሳቸው ሥራ ይጠቀሙበታል። ነገር ግን ሁለት ሰዎች እኩል በልተው፣ እኩል ፈጭተው፣ ለአንደኛው ጡንቻ የሚደርሰው ያነሰ ይሆናል። ሉሲን ደግሞ ተራ አሚኖ አሲድ አይደለም፤ ለጡንቻ «አሁን ሥራ ጀምር» የሚለው ምልክት እሱ ነው።

የደረሰውም ቢሆን ጡንቻው እንደ ቀድሞው አይቀበለውም። የአረጋዊ ጡንቻ ለትንሽ መጠን ፕሮቲን ምላሽ ለመስጠት ይዘገያል፤ ለመነቃቃት ጠንከር ያለ መጠን በአንድ ጊዜ ይፈልጋል። ዳንኤል ሙር የተባለው ካናዳዊ ተመራማሪና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2015 የቀደሙ ጥናቶችን አሰባስበው ሲያሰሉ፣ ወጣት ወንድ በአንድ ገበታ በኪሎ ክብደቱ 0.24 ግራም ፕሮቲን ሲበቃው አረጋዊው 0.40 ግራም ገደማ እንደሚያስፈልገው አገኙ። አንጀት ያን ያህል ሳይጎድል ፍላጎቱ ጨመረ። ቤተሰብ ደግሞ በዚያው ሰዓት ይቀንሳል።

የፕሮቲኑ ፍጥነትም ቦታ አለው። ከወተት ፕሮቲን ውስጥ በአጓቱ የሚቀረው ክፍል ቶሎ ይፈጫል፤ እርጎና አይብ ውስጥ የሚረጋው ካሲን ቀስ ብሎ ይለቃል። ወጣቶችን ቀስ የሚለው ሲጠቅማቸው፣ አረጋውያንን ፈጣኑ እንደሚጠቅማቸው እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ የፈረንሳይ ጥናት አሳይቷል፤ ፈጣኑ ደም ውስጥ በአንድ ጊዜ ከፍ ስለሚል የደነቆረውን ጡንቻ ይቀሰቅሳል። ይህን ያነበበ ሰው አይብ ስናወጣ የሚቀረውን አጓት ለአያት እንስጥ ሊል ይችላል። አጓት ውስጥ ያለው ፕሮቲን ግን ከመቶ አንድ እጅ አይሞላም፤ በጥናቱ የተጠቀሙበት ተጣርቶ ዱቄት የሆነውን ነው። ይልቅ አይቡ ራሱ ይበላ።

አንድ ገበታ እንቁጠር። 60 ኪሎ የሚመዝኑ፣ 72 ዓመት የሆናቸው እናት አሉ እንበል። ጠዋት ሻይ በዳቦ፤ 60 ግራም ዳቦ ውስጥ 5 ግራም ያህል ፕሮቲን አለ። ምሳ ላይ ቀጠን ያለች ሽሮ፤ ለእሳቸው ድርሻ 40 ግራም የሽሮ ዱቄት ቢገባ ከ8 እስከ 9 ግራም፣ ከግማሽ እንጀራ ጋር 14 ግራም ገደማ። ማታ አንድ ኩባያ አጥሚት፤ 4 ግራም ብንል በዝቶ ነው። ድምሩ 23 ግራም ነው። ፕሮት-ኤጅ የተባለው ዓለም አቀፍ የባለሙያዎች ቡድን እ.ኤ.አ. በ2013 ከ65 ዓመት በላይ ላሉ ሰዎች የመከረው በኪሎ ክብደት በቀን ከ1.0 እስከ 1.2 ግራም ነው፤ ለእሳቸው ከ60 እስከ 72 ግራም ማለት ነው። ሙር ያሰላውን መለኪያ ብንወስድ ደግሞ በአንድ ገበታ 24 ግራም ያስፈልጋቸዋል፤ በቀኑ ሙሉ ያገኙት ለአንድ ገበታ እንኳ አይበቃም። በጠገቡበት ቀን ነው ይህ የሚሆነው። «በልተዋል፣ ጠግበዋል» የሚለው የልጆቻቸው ምስክርነት እውነት ነው፤ እርጅና የምግብ ፍላጎትን ይቀንሳል፣ የጥጋብ ምልክቱም ፈጥኖ ይመጣል። ጆን ሞርሊ የተባለው ሐኪም ይህንኑ እ.ኤ.አ. ከ1988 ጀምሮ ራሱን የቻለ ችግር ብሎ ጽፎበታል።

የሥጋ መረቅም እዚህ ሒሳብ ውስጥ ገብቶ መታየት አለበት። ሥጋ ሲቀቀል ወደ ውኃው የሚወጣው ጨውና ጣዕም፣ ከአጥንትና ከጅማት የሚሟሟ ጄላቲንም ነው፤ አብዛኛው ፕሮቲን ግን ሥጋው ውስጥ ይቀራል። ጄላቲን ደግሞ ትሪፕቶፋን የተባለው አስፈላጊ አሚኖ አሲድ ፈጽሞ የለውም፣ ሉሲኑም ትንሽ ነው። መረቁን ለአባት፣ ሥጋውን ለልጅ ማለት ሁለቱንም ያገላበጠ ክፍፍል ነው።

ማስተካከሉ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ጠዋት ሁለት እንቁላል 12 ግራም፣ አንድ ብርጭቆ ወተት 8 ግራም፣ ከዳቦው ጋር 25 ይሆናል። ሆዱ ትንሽ ብቻ የሚይዝ ሰው ከእንጀራው በፊት ከወጡ ቢጀምር ይጠቅመዋል። አጥሚቱንም ቢሆን በውኃ ፋንታ በወተት መሥራት ይቻላል።

ጾምስ? ይህ ጥያቄ በእኛ ዘንድ ከሁሉም በላይ ክብደት አለው፤ የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመን በዓመት ከ180 ቀን በላይ ከሥጋ፣ ከወተትና ከእንቁላል ይታቀባል፣ ጾሙን አጥብቀው የሚይዙት ደግሞ እናቶችና አባቶች ናቸው። የጥራጥሬ ፕሮቲን ከእንስሳው ትንሽ ዝቅ ብሎ ነው የሚፈጨው፤ ሥጋና እንቁላል ወደ 95 በመቶ ሲፈጩ ጥራጥሬ እንደ አዘገጃጀቱ ከ75 እስከ 85 በመቶ ይደርሳል። ጥሬ ጥራጥሬ ውስጥ ትሪፕሲንን የሚያግድ ነገር አለ፤ ሲቆላና ሲቀቀል ግን በአብዛኛው ይጠፋል። ሽሮ ተቆልቶ፣ ተከክቶ፣ ደቅቆ ተፈጭቶ፣ በመጨረሻም ተቀቅሎ የሚቀርብ ነው፤ ጥርስ ለሌለው ሰው ከዚህ የተሻለ የጥራጥሬ አዘገጃጀት ብዙ አላውቅም። ጤፍ የሚያንሰው ላይሲን በምስርና በአተር ውስጥ ሞልቷል፣ ስለዚህ እንጀራና ወጡ እርስ በርሳቸው ይሟላሉ። ጉድለቱ ያለው በመጠኑ ነው። ሽሮው በ60 ግራም ዱቄት ወፈር ብሎ ቢሠራና በጎኑ ከ50 ግራም ደረቅ ምስር የተሠራ ወጥ ቢቀመጥ፣ ከግማሽ እንጀራ ጋር 30 ግራም ይሆናል።

የጾሙ ሰዓት፣ ማለትም እስከ ከሰዓት ሳይበሉ ቆይቶ በአንድ ገበታ መብላት፣ ብዙ ሰው የሚፈራውን ያህል ጎጂ ላይሆን ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1999 የታተመ ሌላ የፈረንሳይ ጥናት አረጋውያን ሴቶችን ለሁለት ሳምንት ተከታትሎ፣ የቀኑን ፕሮቲን 80 በመቶ በምሳ ላይ የበሉት እኩል እኩል ከፋፍለው ከበሉት የበለጠ ፕሮቲን በሰውነታቸው እንዳስቀሩ አይቷል። እርግጥ ሴቶቹ የሚበሉት በቂ ፕሮቲን፣ ሥጋና ወተትም ያለበት ነበር። ገበታው አንድ ሆኖ ያውም ቀጭን ሽሮ ብቻ ከሆነ ጥናቱ አይደግፈንም። ክብደታቸው እየቀነሰ ላሉ ወይም ለታመሙ አረጋውያን ደግሞ የንስሐ አባታቸውን ማማከር ከጥንትም ያለ ሥርዓት ነው፤ ልጆቻቸው ይህን ከማሳሰብ ወደኋላ ማለት የለባቸውም።

ከሰሃኑ ውጭ ያለው ትልቁ ነገር እንቅስቃሴ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ የካናዳ ጥናት ጤነኛ አረጋውያን ለ14 ቀን የእርምጃቸውን ቁጥር በሦስት አራተኛ ገደማ እንዲቀንሱ አደረገ። በዚያች አጭር ጊዜ ብቻ ጡንቻቸው ለበሉት ፕሮቲን የሚሰጠው ምላሽ በ26 በመቶ ወረደ። በተቃራኒው የማስትሪክቱ ቡድን ከምግብ በፊት አካላዊ እንቅስቃሴ ሲደረግ ከተበላው ፕሮቲን ወደ ጡንቻ የሚገባው በወጣቱም በአረጋዊውም እንደሚጨምር አሳይቷል። አገር ቤት ገበያና ቤተ ክርስቲያን በእግራቸው ሲመላለሱ የኖሩ፣ ከዚያ ልጅ ወስዷቸው አሜሪካ ወይም አውሮፓ አፓርታማ ውስጥ ክረምቱን ተቀምጠው የሚያሳልፉ ወላጆች ሲደክሙ ብዙ ጊዜ የሚወቀሰው የባዕድ አገር ምግብ ነው። ማቀዝቀዣው ውስጥ ሥጋና ወተት ሞልቶ እግራቸው የሚሰልለው፣ ጡንቻው የሚቀሰቅሰውን ስላጣ ይሆናል። ከወንበር እጅ ሳያስደግፉ አሥር ጊዜ መነሳትና መቀመጥ፣ ደረጃ መውጣት፣ ከምሳ በፊት መራመድ፣ የሚበላውን ያህል አስፈላጊ ነው።

ፕሮቲን ጨምሩ የሚለው ምክር የማይመለከታቸው ሰዎች አሉ። ኩላሊታቸው ክፉኛ የተጎዳና እጥበት ያልጀመሩ ሕሙማን መጠኑን ሐኪማቸው ሊገድብላቸው ይችላል፤ ስኳርና ደም ግፊት ያለባቸው አረጋውያን የኩላሊት ምርመራቸውን ሳያዩ መጨመር የለባቸውም። ሳይፈልጉ የሚከሱ፣ ለመዋጥ የሚቸገሩ፣ ሰገራቸው የጠቆረ ወይም ቅባት የሚንሳፈፍበት ሰዎች ጉዳያቸው የምግብ ምርጫ ሳይሆን ምርመራ የሚጠይቅ ነው። የኩላሊት እጥበት የሚያደርጉ ሰዎች ግን እጥበት ካልጀመሩት ተቃራኒው ነው የሚያስፈልጋቸው፤ እጥበቱ አሚኖ አሲዱን ከደም ውስጥ ስለሚያጥበው በቀን በኪሎ ከ1.0 እስከ 1.2 ግራም ይመከርላቸዋል፣ እጥበት ከመጀመራቸው በፊት የተነገራቸውን «ሥጋ ቀንሱ» የሚለውን ምክር ይዘው መቀጠል የለባቸውም።